የስድስቱ አገሮች ራግቢ፦ በውጤት የማይከፈት በር

እግር ኳስ የለመደ አንባቢ የስድስቱን አገሮች የራግቢ ሻምፒዮና የደረጃ ሰንጠረዥ ሲያይ ዓይኑ ወራጅ ቀጣናውን ይፈልጋል። አያገኘውም። በየዓመቱ በፌብሩዋሪና በማርች እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ አየርላንድ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጨዋታ ያደርጋሉ። መጨረሻ የወጣው ቡድን «የእንጨት ማንኪያ ወሰደ» ተብሎ ይሾፍበታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል። ከታች የሚመጣ የለም፤ ወደ ታች የሚወርድም የለም። ይህን ዝግነት ብዙዎች የቴሌቪዥን ገንዘብ ያመጣው ነገር አድርገው ይጽፋሉ። እኔ ግን ሥሩ ከገንዘቡ ይቀድማል እላለሁ። ውድድሩ ከጥንስሱ የማኅበር ጠባይ አለው፤ ጽዋው የሚዞረው በአባላቱ መካከል ነው፣ አዲስ ሰው የሚገባውም ነባሮቹ ሲፈቅዱ ነው።

የመጀመሪያው የአገር ለአገር የራግቢ ግጥሚያ እ.ኤ.አ. በ1871 በኤደንብራ ስኮትላንድና እንግሊዝ ያደረጉት ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1883 ዌልስና አየርላንድ ተጨምረው የአራቱ አገሮች ዙር ተጀመረ። ይሁንና ለጠቅላላ አሸናፊው ዋንጫ መሰጠት የጀመረው በ1993 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ዋንጫ መጫወታቸው ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ዋናው ነገር ጎረቤትን ማሸነፍ ነበር። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ካልካታ ካፕ ጥሩ ምስክር ነው። በሕንድ ካልካታ የነበሩ ብሪታንያውያን የራግቢ ክለባቸው ሲፈርስ በባንክ የቀረውን የብር ሩፒ አቀለጡና ዋንጫ አሠሩበት። ሦስቱ እጀታዎቹ እባቦች ናቸው፣ ክዳኑ ላይ ዝሆን ቆሟል። ከ1879 ጀምሮ ሁለቱ አገሮች የሚፋለሙት ለዚህ ነው፤ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ሆነውም እንኳ ፉክክሩ አይበርድም።

ፈረንሳይ በ1910 ስትገባ የጠበቃት በስዋንዚ የ49 ለ14 ሽንፈት ነበር። በ1931 ደግሞ አራቱ ነባር ፌዴሬሽኖች ከእርሷ ጋር አንጫወትም አሉ። ክሱ ሁለት ነው፦ የፈረንሳይ ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው በድብቅ ይከፍላሉ፤ ሜዳቸውም የድብድብ ሜዳ ሆኗል። ሁለተኛው ክስ ከባዶ የተነሣ አልነበረም፤ በ1930 በፈረንሳይ ክለቦች ግማሽ ፍጻሜ አንድ ወጣት የአዣን ተጫዋች በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ አልፏል። የድብቅ ክፍያውን ያነሡት ፌዴሬሽኖች ግን የራሳቸውን ጓዳ በዚያው ዓይን መርምረው ነበር ለማለት ይከብዳል።

የተባረረችው ፈረንሳይ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1934 ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከሩማንያና ከሌሎች ጋር ሆና ፊራ የተባለ የራሷን ዓለም አቀፍ የራግቢ ማኅበር መሠረተች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ወደ ቀድሞ ቦታዋ ስትመለስ እነዚያን ጓደኞቿን ይዛ አልገባችም። ያ ማኅበር ስሙን እየለወጠ ዛሬ ራግቢ ዩሮፕ ሆኗል፤ ከስድስቱ ውጪ ያሉ የአውሮፓ ቡድኖች የሚወዳደሩትም በእርሱ ጥላ ሥር ነው። የስደተኛዋ መጠለያ የሌሎች ደጅ መጥኛ ሆኖ ቀረ። ለነገሩ ፈረንሳይ ራሷ ሻምፒዮንነትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው በ1954 ነው፤ ያንንም ከእንግሊዝና ከዌልስ ጋር ተጋርታ። «አዲስ ገቢ ደካማ ነው» ለሚል ሁሉ ይህ አኀዝ መልስ ይመስለኛል።

ደጅ ጠንታ ያልገባችው ሩማንያ ናት። በ1983 በቡካሬስት ዌልስን 24 ለ6 ረታች። በ1984 ስኮትላንድ አራቱንም ተጋጣሚዎቿን አሸንፋ ግራንድ ስላም በያዘች በሁለተኛው ወር በዚያው በቡካሬስት 28 ለ22 ተሸነፈች። በ1988 ደግሞ ሩማንያ ካርዲፍ ድረስ ሄዳ ዌልስን 15 ለ9 ጣለች። በሩ አልተከፈተም። ዲሴምበር 1989 አብዮቱ ሲፈነዳ የጦር መኮንንና የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋች የነበረው ፍሎሪካ ሙራሪዩ ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ጦር ሠራዊቱና መንግሥት ይደግፏቸው የነበሩት ክለቦች አቅም አጡ፣ ትውልዱም ተበተነ።

ጣሊያን ዕድለኛ ነበረች። በ1997 አየርላንድን ደብሊን ላይ፣ ፈረንሳይን ግሬኖብል ላይ አሸነፈች፤ ጊዜውም ራግቢ በይፋ የሙያተኞች ስፖርት የሆነበትና አዲስ ገበያ የሚፈለግበት ነበር። በ2000 የመጀመሪያ ጨዋታዋን ሮም ላይ ከስኮትላንድ ጋር አድርጋ 34 ለ20 ስታሸንፍ ዲዬጎ ዶሚንጌዝ ብቻውን 29 ነጥብ አስቆጠረ። ደስታው አልዘለቀም። ከ2015 በኋላ በሻምፒዮናው 36 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈች።

ያ ሰንሰለት የተበጠሰበትን ቅጽበት በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ማርች 19 ቀን 2022፣ ካርዲፍ፤ ዌልስ 21፣ ጣሊያን 15፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። አንጄ ካፑዎዞ የሚባል ቀጭን ልጅ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ በቀኝ መስመር ተፈተለከ፣ ተከላካዮቹን አታለለ፣ ሊያዝ ሲል ወደ ውስጥ ለኤዶአርዶ ፓዶቫኒ አቀበለ። ፓዶቫኒ ኳሷን ከምሰሶዎቹ መካከል መሬት አስነክቶ ትራይ አስቆጠረ፤ ፓኦሎ ጋርቢሲ ከትራይ በኋላ የምትሰጠውን ምት አገባ፤ 22 ለ21። ጣሊያኖች ሜዳው ላይ አለቀሱ። የዕለቱ ኮከብ ተብሎ የተሸለመው የዌልሱ ጆሽ አዳምስ ሜዳሊያውን ለካፑዎዞ ሰጠው።

ነገር ግን ጣሊያን ያን ሁሉ ዓመት ስትሸነፍ ቦታዋን የጠበቀላት ድል ሳይሆን አባልነት ነው። በተመሳሳይ ዘመን ጆርጂያ ከ2018 እስከ 2025 ድረስ የራግቢ ዩሮፕን ሻምፒዮና በየዓመቱ ወስዳለች። በ2022 ጣሊያንን ባቱሚ ላይ 28 ለ19፣ ዌልስን ካርዲፍ ላይ 13 ለ12 አሸንፋለች። እውነት ለመናገር የጆርጂያ ጉዳይ አንድ ወገን ብቻ የለውም፤ በ2024 ጄኖዋ ላይ ጣሊያን 20 ለ17 መልሳ ረትታታለች፤ በዚያው ዓመት ሻምፒዮናም ስኮትላንድንና ዌልስን አሸንፋ ከፈረንሳይ ጋር አቻ ወጥታለች። ይህ ልዩነታቸው ጠባብ መሆኑን ያሳያል እንጂ ጥያቄውን አይዘጋም።

ነባሮቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። 82,000 ሰው የሚይዘው የእንግሊዝ ስታዲየም ትዊክናም ሲሞላ የሚገኘው ገቢ የታዳጊ ቡድኖችንና የትንንሽ ክለቦችን ወጪ ጭምር ይሸፍናል። ዌልስ በ2024ም በ2025ም አምስቱንም ጨዋታ ተሸንፋለች፤ መውረድ ቢኖር ኖሮ የአንድ ሕዝብ ዋና ስፖርት በአንድ መጥፎ ወቅት ኪሳራ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ስጋቱ ይገባኛል። ግን በ2021 ስድስቱ ፌዴሬሽኖች ከውድድሩ አንድ ሰባተኛውን ድርሻ እስከ 365 ሚሊዮን ፓውንድ በሚደርስ ዋጋ ለሲቪሲ ሸጠዋል። ሰባተኛው ወንበር ተገኝቶ ነበር ማለት ነው፤ የተቀመጠበት ግን አገር ሳይሆን የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ይውረዱ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። የሚበቃው በየሁለት ዓመቱ በሻምፒዮናው መጨረሻ የወጣው ቡድን ከራግቢ ዩሮፕ አሸናፊ ጋር በደርሶ መልስ እንዲገናኝና የወረደውም ለሁለት ዓመት የገቢ ድርሻው እንዲጠበቅለት ማድረግ ነው። ውሳኔው በስድስቱ ፌዴሬሽኖች እጅ ነው፤ ጆርጂያ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ የላትም።