የስኳር አቅርቦት ከአገዳ ማሳ እስከ ጨንቻ ገበያ

የአንድ አገር የስኳርና የጣፋጮች አቅርቦት የሚሰላው በዓመቱ በተመረተው መጠን ላይ ከውጭ የገባው ተደምሮ፣ ወደ ውጭ የተላከው፣ በመጋዘን የቀረውና ከምግብ ውጭ ለሆነ አገልግሎት የዋለው ተቀንሶ ነው። ውጤቱ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል የነፍስ ወከፍ አቅርቦት ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚያዘጋጀው የምግብ ሚዛን ሠንጠረዥ ስኳር፣ ማርና ሌሎች ጣፋጮች በአንድ ምድብ ይመዘገባሉ።

አኃዙ በአገር ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደቀረበ ያመለክታል። ስኳሩ የት አካባቢና መቼ እንደደረሰ ግን አይገልጽም። ይህን ልዩነት ለመረዳት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን የምትገኘው ጨንቻ ጥሩ ማሳያ ናት።

የምርቱ ሂደት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የስኳር ምርት የተጀመረው ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት መሠረት በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ወንጂ ላይ ባቋቋመው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር በቀን 1 ሺህ 400 ኩንታል ስኳር የማምረት አቅም ነበረው። በ1955 ዓ.ም የሸዋ፣ በ1962 ዓ.ም ደግሞ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ተከትለዋል። ሦስቱም ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛውረዋል። ከመተሐራ በኋላ የፊንጫአ ፋብሪካ በ1991 ዓ.ም ማምረት እስከጀመረበት ጊዜ ድረስ በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት አዲስ ፋብሪካ አልተጨመረም።

በ1990ዎቹ ማብቂያ የአገሪቱ ዓመታዊ የስኳር ምርት ወደ 3 መቶ ሺህ ቶን የተጠጋ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሕዝቡን ቁጥር 74 ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል። ከአገር ውስጥ ምርት ለአንድ ሰው ሊደርስ ይችል የነበረው በዓመት 4 ኪሎ ግራም ያህል ነበር።

በ2003 ዓ.ም የስኳር ኮርፖሬሽን ሲቋቋም የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዓመታዊውን ምርት በ2007 ዓ.ም ወደ 2 ነጥብ 25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ ግብ ጥሎ ነበር። ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም ባሉት ዓመታት የተንዳሆ፣ የከሰም፣ የአርጆ ደዴሳ እንዲሁም የኦሞ ኩራዝ ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 ፋብሪካዎች ማምረት ጀምረዋል። ይሁንና ግንባታቸው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ የነበሩት የኦሞ ኩራዝ ቁጥር 1 እና የጣና በለስ ፋብሪካዎች በተያዘላቸው ጊዜ ባለመጠናቀቃቸውና የአገዳ ልማቱ ከፋብሪካዎቹ ግንባታ ጋር እኩል ባለመራመዱ፣ ምርቱ ከግማሽ ሚሊዮን ቶን በታች ሆኖ ቀጥሏል።

በዚሁ ጊዜ የሕዝቡ ቁጥር ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ዓመታዊው ምርት 4 መቶ ሺህ ቶን ቢደርስ እንኳ ለ100 ሚሊዮን ሕዝብ ሲካፈል የሚገኘው 4 ኪሎ ግራም ነው። የፋብሪካዎቹ ቁጥር ቢጨምርም ለአንድ ሰው የሚደርሰው የአገር ውስጥ ምርት አላደገም ማለት ነው። የዓለም አማካይ አቅርቦት ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ጉድለቱ ከውጭ በሚገዛ ስኳር ሲሸፈን የቆየ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም መንግሥት ስኳርን ጨምሮ መሠረታዊ የምግብ ሸቀጦች በፍራንኮ ቫሉታ እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር።

ጨንቻ፦ የመስመሩ መጨረሻ

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሸንኮራ አገዳ ሞቃት አካባቢን የሚፈልግ በመሆኑ በዚህ ደጋ ለምርት አይበቃም። የአካባቢው አርሶ አደር የሚታወቀው በእንሰት፣ በገብስና በአፕል ልማት ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ የስኳር ፍላጎት በዚህ አካባቢ አነስተኛ ነበር። በጋሞና በአጎራባች አካባቢዎች የቡና ቅጠል በቅመምና በጨው ተዘጋጅቶ ይጠጣል። የሻይ ልማድ ሲስፋፋ፣ ሻይ ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ሲበራከቱና በሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ተወላጆች ከቀዬአቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ሲጠናከር ስኳር የዘወትር ሸቀጥ ሆኗል።

በጋሞ ደጋ ከፍተኛው የፍጆታ ወቅት መስቀል ነው። በየከተማው የሚሠሩ የዶርዜ ሸማኔዎች ለበዓሉ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ድግሱም ቀናት ይወስዳል። በሌላ በኩል የስኳር ፋብሪካዎች በክረምት ወራት ማሳው ስለሚጨቀይና የማሽን ጥገና ስለሚካሄድ ማምረት ያቆማሉ። በመሆኑም ፍላጎቱ ጣራ የሚነካው አዲስ ምርት ገና ባልወጣበት ወቅት ነው። በመስከረም ለሸማቹ የሚደርሰው ስኳር አስቀድሞ በመጋዘን የተከማቸ ወይም ከውጭ የገባ መሆን ይኖርበታል።

የኮታ ስሌት

በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቆች በራሽን ይሸጥ ነበር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ስኳር ለክልሎች በኮታ እየተመደበ፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ወርዶ በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና በተመረጡ ነጋዴዎች አማካይነት ሲከፋፈል ቆይቷል።

ኮታ በሕዝብ ቁጥር ላይ ብቻ ሲመሠረት ምን እንደሚከተል በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 100 ሺህ ሕዝብ ላለው ወረዳ በነፍስ ወከፍ 5 ኪሎ ግራም ቢታሰብ በዓመት 5 ሺህ ኩንታል፣ በወር 417 ኩንታል ያህል ያስፈልጋል። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ በወር 2 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሰዋል። ከወርኃዊው መጠን አንድ ሦስተኛው ለሻይ ቤቶች፣ ለዳቦ ቤቶችና ለመጠጥ አዘጋጆች ከዋለ ግን የቤተሰቡ ድርሻ ወደ 1 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ይወርዳል። በሰነድ ላይ ሁለቱም ሁኔታዎች አንድ ዓይነት ሆነው ይመዘገባሉ።

ማርና ፍራፍሬ

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚውን ስፍራ ትይዛለች። ዓመታዊው ምርት 50 ሺህ ቶን ቢታሰብ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ግማሽ ኪሎ ግራም አይሞላም፤ ከዚህም ብዙው ለጠጅ ይውላል። የማር ዋጋ ሲንር ጠጅ አዘጋጆች ስኳር ስለሚጨምሩ በስኳሩ ላይ ያለው ጫና ይበረታል። የጨንቻ አፕልና የአርባ ምንጭ ሙዝ በምግብ ሚዛን ሠንጠረዥ በፍራፍሬ ምድብ የሚመዘገቡ ስለሆኑ በጣፋጮች ስሌት አይገቡም፤ ይሁን እንጂ ለገበሬው ስኳር መግዣ ገቢ ያስገኛሉ።

አቅርቦትና ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው መመሪያ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር፣ ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን ጨምሮ፣ ከዕለታዊው ኃይል ሰጪ ምግብ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። ይህ በቀን 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 50 ግራም፣ በዓመት 18 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የኢትዮጵያ አማካይ አቅርቦት ከዚህ ወሰን በታች ነው። ሆኖም አማካዩ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ምግብ የሚያዘወትረውን የከተማ ነዋሪና ስኳር በበዓል ብቻ የሚያገኘውን የገጠር ቤተሰብ አንድ ላይ የሚደምር በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

ከላይ ከተዘረዘሩት መረጃዎች ለወረዳና ለዞን የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የቤተሰብና የንግድ ድርጅቶች ፍጆታ ለየብቻ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ለመስቀል የሚያስፈልገው ክምችት ፋብሪካዎች ለክረምት ከመቆማቸው በፊት እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ለወረዳው የተመደበውን ብቻ ሳይሆን በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ መደብር በትክክል የተራገፈውን መጠን በየወሩ ማወዳደር ነው። የአገሪቱ ምርት እስኪያድግ ድረስ ያለውን ስኳር በፍትሐዊነት ለማዳረስ የሚያስችለው መረጃ የሚገኘው ከእነዚህ መዝገቦች ነው።