ከቀዳዳው መደፈን ባሻገር፦ የፊስቱላ ሕክምና ታሪክ ከላስታ ደጋ ሲታይ



ስለ ሴቶች የሥነ ተዋልዶና የወሲብ ጤና ሕክምና በአገራችን ሲነገር ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይጀምራል። እኔ ግን ዛሬ መነሻዬን አሸተን ማርያም አደርጋለሁ። ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ይህ ገዳም በትውፊት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ጋር ይያያዛል። ለጎብኚ መንገዱ የእግር ወይም የበቅሎ ዳገት ነው። ምጥ ለጠናባት የደጋ ሴት ግን ያው መንገድ በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ የሚወረድ ቁልቁለት ነው። የወሊድ ፊስቱላን የሚያስከትለው በምጡና በሐኪሙ መካከል ያለው ርቀት ስለሆነ፣ መልክዓ ምድሩን የታሪኩ አካል አድርጌ አየዋለሁ።

የሕመሙ አመጣጥ ይታወቃል። ምጥ ሲታገድ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ለስላሳ አካል ከዳሌ አጥንት ጋር ለረጅም ሰዓት፣ አንዳንዴም ለቀናት፣ ይጫነዋል። የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ ሥጋው ይሞታል፤ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል፣ አልፎ አልፎም በፊንጢጣ በኩል፣ ቀዳዳ ይከፈታል። ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ጠባሳው ብልትን ሊያጠብና የባልና ሚስት ግንኙነትን ሊያሳምም፣ አልፎም ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ አንዲት ሴት በአንድ ምጥ ልጇን፣ ጤናዋንና ትዳሯን ልታጣ ትችላለች።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ ከነውር የነጻ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ማሪዮን ሲምስ በአላባማ ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. ዘዴውን የሞከረው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ነበር። አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ የተባሉት ሦስቱ ሴቶች በስም ይታወቃሉ። ሴቲቱ በዚያ ታሪክ ውስጥ ፈቃዷ ያልተጠየቀ አካል ብቻ ነበረች።

ወደ እኛ ስንመጣ የተለየ ነገር እናያለን። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ለእኔ ግን የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ታማሚ ሆነው መጡ፤ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ፤ ኋላም ሌሎችን አስተማሩ። አናርካ ያልተጠየቀችውን ጥያቄ ማሚቱ በእጃቸው መለሱት ማለት ይቻላል፤ ታማሚዋ የዕውቀቱ ባለቤት ሆነች።

ሁለተኛው ለውጥ የአእምሮን ቁስል ይመለከታል። ቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊያድናቸው ላልቻለ ሴቶች በ2002 እ.ኤ.አ. ደስታ መንደር ተቋቋመ። መጠለያ፣ ሙያና የእኩያ ጓደኝነት የሕክምናው አካል መሆናቸው ታወቀ። ሽታዋ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከሰርግ ቤት ያራቃት፣ ለብቻዋ ጎጆ የተቀለሰላት ሴት፣ ሕመሟ በስፌት ብቻ አይሽርምና። የባሕር ዳሩን ጨምሮ በክልሎች የተከፈቱት የሃምሊን ማዕከላት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውም የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ፣ ሕክምናውን ወደ ቁልቁለቱ ግርጌ ለማቅረብ የተደረጉ ጥረቶች ናቸው።

ሆኖም አንድ ነገር ይቀራል። «ዳነች» የምንለው መቼ ነው? የሕክምና መዝገብ ቀዳዳው መደፈኑንና ሽንት መቆሙን ይጽፋል። ወደ ትዳሯ ስትመለስ ግንኙነት ያማት እንደሆነ፣ ፍርሃቱ ለቋት እንደሆነ ግን ከመዝገቡ ላይታወቅ ይችላል። እርሷም አትናገርም፤ ነውር ነውና። በላስታ ደጋ እንዲህ ያለ ጭንቀት ከሐኪም ይልቅ ለነፍስ አባት ይነገራል፤ ወደ ጸበልም ይወሰዳል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚያይ ተማሪ ታሪኩን በግማሹ ያነብበዋል። ጸበሉ ቀዳዳ አይደፍንም፤ ነገር ግን ሴቲቱ ሕመሟን አውጥታ የምትናገርበት ስፍራ ሊሆን ችሏል። ሐኪሙ ከዚያ የሚማረው የማድመጥን ሥርዓት ነው።

ስለዚህ የሕክምና ተማሪዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለ ሕመም፣ ስለ ፍላጎትና ስለ ፍርሃት በጨዋ አማርኛ፣ በምስጢር መጠየቅን እንደ ክህሎት እንድትማሩት፣ የታሪክ ተማሪዎችም መልሱን እንደ ምንጭ እንድትሰበስቡት አደራ እላለሁ። የታገደ ምጥ በወቅቱ ሲደረስበት ፊስቱላን መከላከል ይቻላል፤ በምዕራቡ ዓለም ሊጠፋ የተቃረበውም በዚሁ መንገድ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ከአሸተን ቁልቁለት በቃሬዛ ወርዳ፣ ታክማ በእግሯ የምትመለሰው ሴት ወደ ሙሉ ሕይወቷ እንጂ ወደ ደረቅ ልብስ ብቻ መመለስ የለባትም።