ቫልቭን መምረጥና ማወቅ፤ ከእስክንድርያ እስከ ስሪ ማይል አይላንድ

እንደሚታወቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስና የሙያ ትምህርት ሲሰጥ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ፓምፕና ስለ ግፊት በሰፊው ይነገራል። ቫልቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር እንደመሆናችን፣ ሠልጣኞች «ከቫልቮች ሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ እንሰማለን። ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ መልስ የለውም። የቫልቭ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ከምርጫ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው «ከፍሰቱ የምንፈልገው ምንድን ነው?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ቫልቩ ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ መሆኑን ሠራተኛው በምን ያውቃል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። የሁለተኛው ክብደት በሚገባ የታየው ግን በቅርብ ዘመን፣ ያውም ከፍ ያለ ዋጋ ከተከፈለበት በኋላ ነው።

ጥንታዊው መነሻ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ክቴሲቢዮስ ባለሁለት ሲሊንደር የውሃ ፓምፕ እንደሠራ ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ጽፏል። በፓምፑ ውስጥ ውሃው እንዲያልፍ የሚከፈቱ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን የሚዘጉ ክዳኖች ነበሩ። እነዚህን ክዳኖች የሰው እጅ አይነካቸውም፤ ራሱ ውሃው ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ዛሬ ቼክ ቫልቭ የምንለው የዚህ ተወላጅ ነው። ሮማውያን ደግሞ በቤታቸው የውሃ መስመር ላይ ከነሐስ የተሠራ፣ መካከሉ የተበሳ ውታፍ ይጠቀሙ ነበር። ውታፉ ሩብ ዙር ሲዞር ቀዳዳው ከቧንቧው ጋር ይገጥማል፤ ሲመለስ ይዘጋል። እንግዲህ ገና ከጥንቱ ለአንዱ ሥራ አንድ ዓይነት፣ ለሌላው ሥራ ሌላ ዓይነት ቫልቭ ይመረጥ ነበር ለማለት ይቻላል።

የእንፋሎት ዘመን

ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን እ.ኤ.አ. በ1679 በእንግሊዝ አገር አጥንት የሚያለሰልስ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማብሰያ ድስት አሳየ። ድስቱ እንዳይፈነዳ የተበጀለት ዘዴ ክብደት በተንጠለጠለበት መፈንቅል የተጫነ ትንሽ ቫልቭ ነው። የእንፋሎቱ ግፊት ከክብደቱ ሲበልጥ ቫልቩ ተነሥቶ ያስተነፍሳል። የደኅንነት ቫልቭ የሚባለው ይህ ነው። ለፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ የመፈንቅል ምሳሌ አይገኝም።

ይሁን እንጂ የእንፋሎት ሞተር ሲስፋፋ አንድ ችግር ብቅ አለ። ተጨማሪ ኃይል የፈለጉ ሠራተኞች በመፈንቅሉ ላይ ሌላ ክብደት ይጨምሩ ወይም ጨርሰው ያሥሩት ነበር። በዚህም ምክንያት ቦይለሮች ፈነዱ፤ ሰዎችም አለቁ። በ1850ዎቹ ዓመታት እንግሊዛዊው የባቡር መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም ሁለት ቫልቮችን በአንድ ሞላ አያይዞ የሚይዝ አሠራር አመጣ። አንዱን ለመጫን ሲሞከር ሌላው ስለሚላላ ሠራተኛው ግፊቱን በስውር ሊጨምር አይችልም። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባው ራምስቦተም የእንፋሎቱን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሰውንም ጠባይ ቆጥሮ መሥራቱን ነው።

የከተማ ውሃና የፋብሪካ መስመር

ከተሞች ሲያድጉ በየመንገዱ ሥር የተቀበሩ ትልልቅ ቧንቧዎችን የሚዘጉት ቫልቮች ያንጠባጥቡ፣ ለመክፈትና ለመዝጋትም ያስቸግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ጄምስ ናዝሚዝ በሁለት በኩል ፊት ያለው፣ ቅርፁ እንደ ሽብልቅ የሆነ መዝጊያ ነደፈ። ሽብልቁ ወደ ታች ሲወርድ በሁለቱም ጎን ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል፤ ሲነሣ ደግሞ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይለቃል። በዛሬው ጌት ቫልቭ ውስጥ የምናገኘው ይኸው አሳብ ነው።

ጌት ቫልቭ ፈጽሞ ለመክፈት ወይም ፈጽሞ ለመዝጋት የተመቸ ነው። በግማሽ ተከፍቶ ቢተው ግን የሚሮጠው ውሃ ሽብልቁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ፊቱንም ይበላዋል። ፍሰትን ለመመጠን የሚሻለው ግሎብ ቫልቭ ነው። በውስጡ ውሃው ዞሮ ስለሚያልፍ ግፊት ይባክናል፤ ነገር ግን ክዳኑ ከመቀመጫው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚርቅ ፍሰቱ በሚፈለገው ልክ ይስተካከላል። አንዱ የሚያተርፈውን ሌላው ያጣል።

በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1894 የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ አስገብቷል። ከተራራ የሚወርድ ማናቸውም መስመር የቫልቭን ሥራ በግልጽ ያሳያል። በረባዳው ቦታ ደለል ስለሚጠራቀም ማጠቢያ ቫልቭ፣ በጉብታው ላይ አየር ስለሚታፈን ማስተንፈሻ ቫልቭ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመሬቱ አቀማመጥም የመራጩ አማካሪ ነው።

የመዝጊያው ፍጥነትም እንደዚሁ ሊታሰብበት ይገባል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ1890ዎቹ መጨረሻ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲታገድ የሚፈጠረውን ምት አስልቷል። የግፊቱ ጭማሪ የውሃው እፍጋት፣ በቧንቧው ውስጥ የሞገዱ ፍጥነትና የታገደው የውሃ ፍጥነት ብዜት ነው። በሴኮንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በቅጽበት ቢቆምና የሞገዱ ፍጥነት በሴኮንድ 1,000 ሜትር ቢሆን፣ ጭማሪው 2 ሚሊዮን ፓስካል ወይም 20 አትሞስፌር ያህል ይሆናል። በሩብ ዙር የሚዘጋ ቦል ቫልቭ ለአሠራር ቢቀልም፣ በረዥም የውሃ መስመር ላይ በችኮላ ከተዘጋ ቧንቧ ሊያፈነዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መብራቱ የተናገረውና ያልተናገረው

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በ2ኛው ክፍል ወደ እንፋሎት ማመንጫዎቹ ውሃ የሚልኩት ፓምፖች ቆሙ። በሪአክተሩ ዙሪያ ያለው ግፊት ሲጨምር ማስተንፈሻው ቫልቭ እንደታሰበው ተከፈተ፤ ሪአክተሩም በራሱ ቆመ። ግፊቱ ሲወርድ ቫልቩ በሴኮንዶች ውስጥ መዘጋት ነበረበት። ነገር ግን ተጣብቆ እንደተከፈተ ቀረ።

በመቆጣጠሪያው ክፍል ለዚህ ቫልቭ የተሰጠ አንድ አመልካች መብራት ነበር። መብራቱ ጠፋ። ሠራተኞቹም ቫልቩ የተዘጋ መሰላቸው። መብራቱ የሚያመለክተው ግን የቫልቩን ሁኔታ ሳይሆን ለቫልቩ የተላከውን የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነበር። «ዝጋ» ተብሏል ማለትና «ተዘግቷል» ማለት አንድ ሆነው ተቆጠሩ። ከዚህም ሌላ የአንዱ ታንክ የውሃ ከፍታ መለኪያ ወደ ላይ ስለወጣ ውሃው የበዛ መስሏቸው፣ ሪአክተሩን ለማዳን በራሱ የገባውን የአደጋ ጊዜ ውሃ ቀነሱት። ከዚያው መስመር ላይ በቀላሉ ሊዘጋ የሚችል ሌላ ማገጃ ቫልቭ ነበር። እርሱ የተዘጋው ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በመጨረሻም ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ፤ ከ100,000 በላይ ሰዎችም ለጊዜው ቀያቸውን ለቀው ሄዱ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977 በኦሃዮ በሚገኘው በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ተመሳሳይ ቫልቭ እንዲሁ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። በዚያ ግን ሠራተኞቹ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ደርሰውበት ዘጉት። ይሁንና ከዚያ የተገኘው ትምህርት ለሌሎቹ በወቅቱ አልደረሰም። አደጋውን የመረመረው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን ሰብሳቢ ጆን ኬሜኒ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ኮሚሽኑ በ1979 ባቀረበው ሪፖርት ከመሣሪያው ብልሽት ይልቅ በሰዎች አሠራር፣ በተለይም በሠራተኞች ሥልጠና ጉድለት ላይ አተኮረ። መምህራን ለሆንን ሰዎች ይህ ፍርድ በቀጥታ የሚመለከተን ነው።

ለክፍል የሚሆን

በእኛ አስተያየት ይህን ርዕስ የሚያስተምር መምህር የቫልቮችን ስም ዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ ተማሪዎቹን በቅደም ተከተል እንዲጠይቁ ቢያለማምድ ይበጃል። ሥራው መዝጋት ነው፣ መመጠን፣ ወደ ኋላ መመለስን መከልከል ወይስ ማስተንፈስ? የሚያልፈው ነገር ንጹሕ ነው ወይስ ደለል አለበት? ቫልቩ በችኮላ ቢዘጋ ምን ይከተላል? ሠራተኛው ሊያበላሸው ቢሞክርስ? በመጨረሻም፣ ሁኔታውን በምን እናውቃለን?

ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቦል ቫልቭ እጀታ ከቧንቧው ጋር ትይዩ ሲሆን ክፍት፣ አግድም ሲሆን ዝግ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። አንዳንዱ ጌት ቫልቭ ሲከፈት ዘንጉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሌላው ግን ዘንጉ ስለማይነሣ ቢታይም ምንም አይናገርም። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ትምህርት ቤቱ የውሃ መስመር ወስዶ፣ በእጃቸው ሳይነኩ የትኛው ቫልቭ ክፍት የትኛው ዝግ እንደሆነ እንዲለዩ ቢያደርግ፣ በእርግጥ የሚያውቁትንና የሚገምቱትን ለይተው መናገር ይማራሉ። በስሪ ማይል አይላንድ በዚያች ሌሊት የጎደለው ይህ ልዩነት ነበር።