ከአቁማዳ እስከ ካርቶን፦ የቡናችን ማሸጊያ ያለፈበት መንገድ

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት በአባል መሠረታዊ ማኅበራት ስብሰባዎች ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ቡናችንን ቆልተን በካርቶን አሽገን እንሸጣለን እየተባለ ለከረጢት፣ ለካርቶንና ለኅትመት የሚወጣው ገንዘብ ለትርፍ ክፍፍል ቢውል አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ካርቶን አይጠጣም፤ ገዢው የሚፈልገው ውስጡን ነው። ይሁን እንጂ የቡናችን ታሪክ ከማሸጊያው ታሪክ ጋር አብሮ ሲታይ፣ በማሸጊያው ላይ የማን ስም ተጻፈ የሚለው ጉዳይ ገንዘቡ የማን ኪስ ገባ ከሚለው ብዙም እንደማይርቅ እንረዳለን። (ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆዳ፣ በቅሎና የሌላ አገር ስም

አባቶቻችን ቡናን ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጓዙት በአቁማዳና በስልቻ ነበር። የለፋ ቆዳ ለበቅሎና ለአህያ ጭነት ይመቻል፣ ከዝናብም በመጠኑ ይከላከላል። ጉድለቱ ሽታው ነው። ቡና ሽታ ይስባል፤ ከቆዳ፣ ከቅቤ ወይም ከጭስ አጠገብ ካደረ ጠረኑን ይዞ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ቡናና በርበሬ በአንድ ጓዳ ያስቀመጠች እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

የሐረር ቡና በግመል ወደ ዘይላ ወርዶ ወደ ኤደን ይሻገር ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሳይቀር ከ1880 መጨረሻ ጀምሮ ሐረር ተቀምጦ በኤደን ለነበረ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ቡናው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ግን ስሙ ይለወጣል። በውጭ ገበያ የሐረር ቡና «ሞካ ሎንግቤሪ» እየተባለ ይሸጥ ነበር። ሞካ የየመን ወደብ ናት። የሐረር ገበሬ ያመረተው ቡና በየመን ወደብ ስም ተጠጣ ማለት ነው።

ባቡርና ጆንያ

የባቡር ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ጭነቱ ከበቅሎ ጀርባ ወደ ፉርጎ ሲዛወር አቁማዳው ቦታውን ለጆንያ ለቀቀ። ከጁት የተሠራ ጆንያ አየር ያስገባል፣ ይደረደራል፣ ለመቁጠርም ይቀላል። ዓለም አቀፉ የቡና ንግድ 60 ኪሎ የሚይዘውን ጆንያ መለኪያው አደረገ። ገበሬው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ሲያስብ፣ ላኪው በጆንያ ይቆጥራል። ዛሬም 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ቡና፣ ባለ 20 ጫማውን ኮንቴይነር ይሞላል።

በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቁሞ የጥራት ቁጥጥሩ መልክ እየያዘ መጣ። ጆንያው ላይ የአገሪቱ ስም፣ የቡናው ዓይነትና ደረጃ፣ የላኪው ምልክት ይታተም ጀመር። በደርግ ዘመን አብዛኛው የወጪ ቡና በመንግሥት የግብይት ድርጅት እጅ አለፈ። በሁለቱም ዘመን ቡናውን የለቀመውና ያደረቀው ገበሬ የት እንዳለ ከጆንያው ላይ ማንበብ አይቻልም ነበር ለማለት ይቻላል።

የማኅበሩ ስም ሲጻፍ

በሐምሌ 1989 ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋ ማሽቆልቆል ጀመረ። በመካከሉ ጊዜያዊ ጭማሪ ቢታይም በ2001 የዓመቱ አማካይ የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ46 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በየአካባቢው ቡና እየተነቀለ ጫት የተተከለበት ጊዜ ነበር።

ዩኒየኖች የተወለዱት በዚሁ የጭንቅ ወቅት ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1999፣ የሲዳማ በ2001፣ የይርጋጨፌ በ2002 ተቋቋሙ። ዩኒየኖች በጨረታው ማዕከል ሳያልፉ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲሸጡ ሲፈቀድላቸው ጆንያው ላይ አዲስ ጽሑፍ ታየ፤ የማኅበሩ ስም። በ2008 መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር የሌሎች ነጋዴዎች ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀል ነበር። የዩኒየኖች የቀጥታ ሽያጭ ግን ስለቀጠለ ስማችን ከቡናችን ጋር ተጓዘ። በ2017 በወጣው የቡና ግብይት ሕግ ደግሞ ምንጩን ለይቶ የመሸጡ መንገድ ለሌሎችም ሰፋ።

ጆንያ ያመጣው ጣጣ

ማሸጊያ ከስም በላይ መሆኑን ያስተማረን ግን የ2008 የጃፓን ጉዳይ ነው። ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ የሆነችው ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ወደዚያ የሚላከው ቡና መጠንም በእጅጉ ቀነሰ። ገበሬውን ያስገረመው፣ አብዛኛው በማሳው ላይ ፀረ ተባይ የማይረጭ መሆኑ ነው። በአገራችን በኩል በተደረገው ማጣራት ጣት የተቀሰረው በተበከለ ጆንያ ላይ ነበር። የዓመት ልፋት በቡናው ጥፋት ሳይሆን በያዘው ጆንያ ምክንያት ሊመለስ እንደሚችል ሁላችንም አየን።

ሌላም ችግር አለ። የጁት ክር ሲፈተል በማዕድን ዘይት የሚለሰልስበት አሠራር ስለነበር ዘይቱ ወደ ምግብ ያልፋል። በዚህ ምክንያት በ1998 በአትክልት ዘይት የሚሠራ፣ ለምግብ የተፈቀደ ጆንያ ደረጃ ወጣለት። ከዚያም ወዲህ ልዩ ጣዕም ያለው ቡና የሚልኩ ማኅበራት በጆንያው ውስጥ አየርና እርጥበት የማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ማስገባት ለመዱ። ቡናው ከ10 እስከ 12 በመቶ ባለው እርጥበቱ እንዲቆይ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

ስሙን ማስመዝገብ

በ2005 መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ቢሆንም ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ፣ በ2007 ደግሞ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ስሞቹን በማሸጊያቸው ላይ መጠቀም ለሚፈልጉ ኩባንያዎች የቀረበው ፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ነበር፤ ዋናው ነገር ስሙ የማን እንደሆነ መታወቁ ነው። በሞካ ስም የተሸጠው የሐረር ቡና ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ወደ ስሙ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካርቶኑን ስንመርጥ

ጥሬ ቡና በጥሩ ጆንያ ወራትን ይቆያል። የተቆላ ቡና ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከተቆላ በኋላ ለቀናት ጋዝ ያወጣል፤ አየር ካገኘው ደግሞ ጣዕሙ ይሞታል። ስለዚህ ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ከረጢት በ1960ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ተሠራ። ቡናውን የሚጠብቀው ይህ ከረጢት ነው። ካርቶኑ ከረጢቱን ከመጨፍለቅ ያድናል፣ በመደርደሪያ ላይ ያቆመዋል፣ ስማችንንም ይሸከማል።

ይህን ሳንለይ የከፈልነው ዋጋ አለ። ለመጀመሪያው የካርቶን ትእዛዝ የባዶውን ከረጢት ስፋት ለክተን ለማተሚያ ቤት ሰጠን። ካርቶኑ አምሮ መጣ። ከረጢቱ ቡና ሲሞላ ግን ወፍሮ አልገባ አለ። በግድ የተከተተውም ካርቶኑን አሳበጠው። ማተሚያ ቤቱ ያዘዝነውን ነው የሠራው፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርነው ቀላል ነው። በመጀመሪያ በቡና የተሞላውን ከረጢት መለካት፤ ቀጥሎ ጥቂት ናሙና አሠርቶ መሙላት፣ መደርደር፣ በመኪና አንገላቶ ማየት፤ በመጨረሻም ብዛቱን ማዘዝ ነው። የምርትና የማብቂያ ቀን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ሳይታተም ባዶ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ማተሚያ ቤት በብዛት ሲታዘዝ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሆኖም መጋዘን ውስጥ እርጥበት የሚበላው ካርቶን ርካሽ አይባልም።

እንግዲህ ወደ አባላቱ ጥያቄ እንመለስ። ለካርቶን የሚወጣ ገንዘብ ከትርፍ ክፍፍል ላይ የሚቀነስ መሆኑ እውነት ነው። ስለዚህ ወጪው እያንዳንዱ ብር ተቆጥሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ሊቀርብ፣ ገበያው ሳይረጋገጥም በብዛት ሊታዘዝ አይገባም። ነገር ግን አያቶቻችን ቡናቸውን ያለ ስም በአቁማዳ ልከው ሌላው ስም አወጣለት። እኛ ጆንያው ላይ ስማችንን ለማድረስ ብዙ ደከምን። ቀጣዩ ትውልድ ቡናውን ቆልቶ ሲሸጥ ካርቶኑ ላይ የቀበሌው ስም እንዲነበብ ከፈለግን፣ ውሳኔው ዛሬ በአባላት እጅ ነው።