መለኪያው የማን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ለኢትዮጵያውያን የስደት ሰፈሮች ናቸው። ለሕክምና ምርመራ ታሪክ ግን ሌላ ትርጉም አላቸው። በአሌክሳንድሪያ የአሜሪካ የፓተንት ጽሕፈት ቤት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ይገኛሉ። የመጀመሪያው መለኪያው የማን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ለሕመምተኛ ይበቃ እንደሆነ ይወስናሉ።

ባለቤትነት ከጥንት የነበረ ጥያቄ አይደለም። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኒው ዮርክ ኢንሱሊንን በፀረ እንግዳ አካል አማካይነት ከደም ውስጥ ሲለኩ ዘዴውን ፓተንት አላስደረጉትም። በ1971 ኢቫ ኤንግቫልና ፒተር ፐርልማን በስቶክሆልም የጨረር ምልክቱን በኤንዛይም ተክተው ኤላይዛን አስተዋወቁ፤ መለኪያውም ወደ ተራው ላቦራቶሪ ገባ። መታጠፊያው 1983 ነበር። ሃይብሪቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ተፈላጊውን ፕሮቲን በሁለት ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካላት መካከል የሚይዘውን ዘዴ በፓተንት የራሱ አደረገ። የታችኛው ፍርድ ቤት ቢሽረውም፣ በ1986 ይግባኝ ሰሚው መልሶ አጸናው።

በ1992 የታሱኩ ሆንጆ ቡድን በኪዮቶ ያገኘው ፒዲ-1 የተሰኘ ተቀባይ ፕሮቲን ለቲ-ሴሎች እንደ ፍሬን ያገለግላል፤ ካንሰርም ፍሬኑን ተጠቅሞ ከጥቃት ያመልጣል። አስተዳደሩ ፍሬኑን የሚያላቅቀውን ፔምብሮሊዙማብን በ2014፣ ሕመምተኞችን የሚለየውን የዕጢ ናሙና ምርመራ በ2015 ፈቀደ። በደም ውስጥ የሚገኘውን ፒዲ-1 የሚለኩ ኤላይዛ ኪቶች ግን በአብዛኛው «ለምርምር ብቻ» ተብለው ይሸጣሉ። የተለያዩ ኪቶች የተለያዩ ፀረ እንግዳ አካላትንና ማነጻጸሪያዎችን ስለሚጠቀሙ፣ አንድ ናሙና ከሁለት ኪት ሁለት ቁጥር ሊያወጣ ይችላል።

ለኢትዮጵያ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1970 በአዲስ አበባ ሲመሠረት ሥራው የሥጋ ደዌ በሽታ መከላከያ ሳይንስ ነበር፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። የሚጎድለው ከውጭ የመጣ ቁጥር በኢትዮጵያዊ ደም ላይ ምን ያህል እንደሚታመን የሚመሰክር የማረጋገጫ ሥርዓት ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለተቆጣጣሪው ሥልጣን ሰጥቷል፤ ሥልጣን ያለ ማመሳከሪያ ናሙናና ያለ ቋሚ በጀት ግን ማኅተም ብቻ ነው። ኪት ለመገጣጠም ፋብሪካ ከመትከል በፊት ኪትን የሚፈትን ላቦራቶሪ ማጠናከር ይቀድማል።

የአሌክሳንድሪያ አጥር ዘመኑ ሲያልፍ በራሱ ይፈርሳል። የሲልቨር ስፕሪንግ ዓይነት መተማመን ግን ጊዜ ስላለፈ አይወረስም፤ በአገር ቤት ይገነባል።