ቲክ፣ ቲክ የሚለው ሣጥን ከየት መጣ?

ሙዚቃ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ድምፁን ያውቀዋል፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ዛሬ ከስልክ ነው የሚወጣው። በማትናስ ኦርጋን፣ ጊታር ወይም ድራም የሚማሩ ወጣቶቻችን አስተማሪው "ያለ ሜትሮኖም እንዳትለማመዱ" ሲላቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ወላጆች ደግሞ "ይሄ ነገር ልጁን ያደነዝዘዋል እኮ!" ይላሉ። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የዚህን ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ሜትሮኖም የተሠራው በመጀመሪያ ለልምምድ አልነበረም። የዜማን ፍጥነት ሩቅ ላለ ሰው ለመላክ ነበር።

ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ በሚተላለፍበት አገር ፍጥነት ቁጥር አይፈልግም። ጎንደር ውስጥ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወረድ "በደቂቃ ስንት ምት ነው?" ብሎ የጠየቀ የለም። አጨብጫቢ አለ፣ ከበሮ መቺ አለች፣ ትከሻ አለ። በጸሎት ቤትም ቄሶቻችን በበዓል ሲያዜሙ ነጋሪቱና ቃጭሉ ምቱን ይይዙ ነበር፤ ልጅም አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ ይለምዳል። አውሮፓውያን ግን ሙዚቃቸውን በወረቀት ይጽፉ ነበር። ወረቀት ደግሞ ደራሲው ረግጦት ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል። እዚያ ያለው ተጫዋች ዜማውን ያነባል፣ ፍጥነቱን ግን ከየት ያምጣው? አሌግሮ፣ አንዳንቴ፣ አዳጆ የሚሉ የጣሊያን ቃላት ይጻፉለታል። ፈጠን በል፣ እንደ እርምጃ፣ ዝግ በል እንደማለት ነው። የማን እርምጃ? የሽማግሌ ወይስ የወታደር?

መላ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። በ1696 ኤቲየን ሉሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ ክብደት በክር አንጠልጥሎ የሚያወዛውዝ መለኪያ ሠራ። የሰው ቁመት ያህላል፣ ድምፅም የለውም፣ በዓይን ብቻ ነው የሚታየው። በ1752 ደግሞ ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ የተባለ ጀርመናዊ የዋሽንት መምህር የጤነኛ ሰውን የደም ምት፣ በደቂቃ 80 ገደማ፣ መነሻ አድርጉ ብሎ ጻፈ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን መድረክ ላይ ሲወጣ ልብ እንዴት እንደሚመታ የወጣ ያውቀዋል።

የሉሊዬ ችግር ርዝመት ነው። የሚወዛወዝ ነገር ቀስ እንዲል ከተፈለገ ክሩ መርዘም አለበት። በደቂቃ 60 ጊዜ እንዲመታ 1 ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ 40 ጊዜ እንዲመታ ግን ከ2 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ይህን ተሸክሞ ማን ይዞራል? መልሱን ያገኘው ዲትሪክ ኒኮላውስ ዊንክል ነው፤ አምስተርዳም የሚኖር የኦርጋን ሠሪ። በ1814 ክሩን ትቶ ዘንግ ወሰደ፤ ዘንጉን ከጫፉ ሳይሆን ከጫፉ ራቅ ብሎ ያዘውና አንዱን ክብደት ከታች፣ ሌላውን ከላይ አደረገበት። የላይኛው የታችኛውን እየተቃወመ ስለሚያዘገየው ዘንጉ አጭር ሆኖም ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። የላይኛውን ከፍ ስታደርጉት ይዘገያል፣ ዝቅ ስታደርጉት ይፈጥናል። ይኸው ነው፤ ብልሃቱ በሙሉ።

ከዚያ ዮሐን ሜልዜል መጣ። ቪየና ይኖር የነበረ እጀ ብልህና ነጋዴ ነው። ውስጡ ሰው ተደብቆ ቼዝ የሚጫወተውን "ቱርኩ" የሚባል አሻንጉሊት እንደ ተአምር እያሳየ ገንዘብ ያገኝ ነበር። የዊንክልን ሥራ አይቶ ሊገዛው ፈለገ፣ ዊንክል እምቢ አለ። ሜልዜል ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ጨመረበትና በ1815 በራሱ ስም የፈጠራ መብት አወጣበት። በ1820 በኔዘርላንድ ጉዳዩ ታይቶ ሐሳቡ የዊንክል ነው ተባለ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ዕቃው በሜልዜል ስም አገር አዳርሷል። እስከ ዛሬ በኖታ ላይ ከቁጥሩ ፊት የሚጻፉት ሁለት "ኤም" ፊደሎች "የሜልዜል ሜትሮኖም" ማለት ናቸው። እኛ በበኩላችን የዊንክልን ስም አስቀድመን ጽፈናል።

በመሣሪያው በጣም ከተደሰቱት አንዱ ቤትሆቨን ነበር። ለጆሮው መስሚያ ቀንድ የሠራለት ሜልዜል ነው፤ በአንድ ሙዚቃ ባለቤትነት ተካሰውም ታርቀዋል። በ1817 ቤትሆቨን የስምንት ሲምፎኒዎቹን ፍጥነት በቁጥር አሳተመ። ጆሮው እየደከመ፣ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ "ፍጠኑ" ማለት እያቃተው ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ይናገርለታል።

ታዲያ ቁጥሩ ተናገረለት? ብዙ ተጫዋቾች "ይሄማ ከልክ በላይ ፈጣን ነው" ብለው ተዉት። "ሐመርክላቪየር" የሚባለው የፒያኖ ሥራው መጀመሪያ ላይ 138 ይላል፤ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር የሚሉ አሉ። በ2020 ደግሞ ከስፔን ሁለት ተመራማሪዎች ሌላ ሐሳብ አመጡ፦ ቤትሆቨን ቁጥሩን ያነበበው ከክብደቱ ራስጌ ሳይሆን ከግርጌው ሊሆን ይችላል። በዘጠነኛው ሲምፎኒ የእጅ ጽሑፍ ላይ 108 እና 120ን ጎን ለጎን ጽፏል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የክብደቱን ቁመት ያህላል ይላሉ። እውነት ከሆነ ያ ሁሉ ክርክር የመጣው መሣሪያውን ከማንበብ ነው።

ሜትሮኖም ተማሪው ፒያኖ ላይ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች እየተስፋፉ ሲሄዱ ነው። ብራህምስን የመሰሉ ሰዎች አላመኑበትም። እኛ ግን ጥቅሙን በልምምዳችን አይተነዋል። ሰው ሲጫወት ቀላሉ ቦታ ላይ ይሮጣል፣ ከባዱ ላይ ይጎተታል፣ ራሱ ግን አይሰማውም። ከ60 ጀምሩ፤ ሳይሳሳቱ ሲሄድላችሁ 4 ብቻ ጨምሩ። ከለመዳችሁት በኋላ በየአራት ምቱ አንዴ ብቻ እንዲመታ አድርጉትና የቀረውን ራሳችሁ ያዙ። ለችክችካ ደግሞ ስድስቱንም ትንንሽ ምቶች እንዲመታ አታድርጉት፣ ዘፈኑ ይደርቃል። ሁለቱን ትልልቅ ምቶች ብቻ ስጡት፤ መሐሉ የትከሻ ነው።

ወደ ካሴቶቻችን እንምጣ። በየቤታችን ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ወይም እዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተቀዱ የሠርግ ዘፈኖችና የቄሶች ዜማዎች አሉ። ከዘፋኞቹ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ልጆቻችን ዜማውን ከኮምፒውተር ምት ጋር ሲጫወቱት ፍጥነቱ ሳናውቀው እየጨመረ ነው። ስለዚህ የየዘፈኑን ፍጥነት በቁጥር መመዝገብ ጀምረናል፤ ካሴቱን እየሰሙ ስልኩን በጣት መምታት ነው፣ ቁጥሩን ያወጣዋል። ነገር ግን ያረጀ ቴፕ ባትሪው ሲደክም ይጎተታል፣ ሌላው ደግሞ ያፈጥናል። ካሴቱን ብቻ ማመን አይቻልም። ስለዚህ ዘፈኑን የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ካሴቱ ጠፍቶ ራሳቸው እንዲያጨበጭቡልን እንጠይቃለን፤ ከቁጥሩ አጠገብም ማን እንዳጨበጨበና የየት አገር ሰው እንደሆነ እንጽፋለን። ካሴት ያላችሁ አምጡልን፣ ቀድተን እንመልሳለን። ስትመጡ እማማንም አስከትሉ።