ሁለት ጊዜ ፍቼ

አያቴ ራስ ኃይሉን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ራስ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ አያቴ ግን እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በገዛ ጓዳቸው፣ ጌሾ እየወቀጡ "ራስ" ሲሉ ዘነዘናው አየር ላይ ይቀር ነበር። ከፍርሃት ይሁን ከክብር እስከ ዛሬ አለየልኝም። ከወንድሞቻቸው ታላቁ የራስ ኃይሉ አሽከር ሆኖ ለጣሊያን ባንዳ ገብቷል። ታናሹ ከአርበኛው በላይ ዘለቀ ጋር ዓባይ በረሃ ወርዷል።

እኔ 26 ዓመት በዳኝነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። "ባንዳ" የሚለውን ቃል ችሎት ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይቁጠረው፤ ድንበር የተገፋ ገበሬ ጎረቤቱን ባንዳ ይላል፣ የተፋታች ሴት የባሏን ዘር በሙሉ ባንዳ ትላለች። ሕግ እንዲህ እጁን አይዘረጋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የአገር ክህደትንና ከጠላት ጋር መተባበርን እንኳ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጣቸው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ስፈታ የራስ ኃይሉን መዝገብ በሐሳቤ እከፍተዋለሁ። ከሳሽም ጠበቃም ዳኛም እኔው ነኝ።

ጠበቃቸው ብሆን ከአባታቸው እጀምራለሁ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ዐፄ ዮሐንስ በ1873 የጎጃም ንጉሥ ብለው አነገሷቸው፤ በዓመቱ እምባቦ ላይ ምኒልክ ማረካቸው። ጎጃም በሸዋ ላይ ቂም የያዘው እንዲህ ነው። ልጃቸው ኃይሉ ያንን ቂም ወረሱ። በ1916 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው አዩ። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ግን ገበሬውን በግብር ያስለቅሱ ነበር። ይህን ጠበቃ ሆኜም አልሸሽገው፤ አያቴ ድምፃቸውን ይቀንሱ የነበረው ለከንቱ አይመስለኝም።

በ1924 ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር አመለጡ። ጠባቂያቸው ራስ ካሳ ነበሩ። ኢያሱ ለራስ ኃይሉ አማች ናቸው፤ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን አግብተዋል። ኢያሱ ብዙም ሳይርቁ ተያዙ፣ ራስ ኃይሉም የሤራው እጅ ናቸው ተብለው ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ፣ ሀብታቸው ተወረሰ፣ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ፣ የያኔው አልጋ ወራሽ ተፈሪ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ራስ ኃይሉ ገና የእሳቸው እስረኛ ነበሩ። ጠበቃው እዚህ ላይ ይቆምና "እስረኛ ላሰረው ምን ዕዳ አለበት?" ብሎ ይጠይቃል። ጉዞው ራሱ ያኔም አከራክሯል፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ንጉሡ አገር ጥለው እንዳይሄዱ ተከራክረዋል። የሄደው ካልከዳ የቀረው እንዴት ከዳ? እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔ በነፃ አሰናብታቸው ነበር። ለጣሊያን መግባታቸው ብቻውን አያስቀጣቸውም። ከዚያ ዓመት መኳንንት ስንቱ ገባ!

ነገር ግን ፍቼ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ።

የራስ ካሳ ልጆች ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በ1929 መጀመሪያ ላይ ጦራቸውን ይዘው ሰላሌ ውስጥ ነበሩ። አባታቸው በስደት ላይ ናቸው። ጄኔራል ትራኪያ ከበባቸው። በመካከል ገብተው የሸመገሉት ራስ ኃይሉ ናቸው፤ እጃችሁን ከሰጣችሁ ነፍሳችሁ አትነካም የሚለው ቃል የደረሳቸው በእሳቸው በኩል ነው። ወንድማማቾቹ ታኅሣሥ ላይ እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ተገደሉ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ፍቼ ላይ ለሕዝብ ታየ።

በእኛ አገር ሰው ዋስ ሲሆን ጠፊው ቢጠፋ ተጠያቂው ዋሱ ነው። ይህን ለማወቅ የሕግ ትምህርት አያሻም፤ እረኛም ያውቀዋል። ራስ ኃይሉ የጣሊያን ዋስ ሆኑ፤ ጣሊያን ቃሉን በላ። ዋሱም ተታሏል የሚል ይኖራል። የተታለለ ዋስ ምን ያደርጋል? ቢያንስ ይጮኻል፤ ቢያቅተው ይሸሻል። ራስ ኃይሉ ግን ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ከጣሊያን ጋር ቆዩ፤ በመጨረሻም አርበኛው ሲያይልበት ጣሊያን ጎጃምን እንዲያበርዱለት ወደ አባታቸው ከተማ መለሳቸው። ጥፋተኛ የምላቸው በዚህ ነው። አገርን ከመክዳት በፊት የካዱት ቃላቸውን ነው፤ ቂማቸውም ከሸዋ አልጋ ጋር ነበር፣ የከፈሉት ግን የአሳሪያቸው የዘመድ ልጆች ናቸው።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በዚያው ቀን የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ራስ ኃይሉ መጥተው እጅ ነሱ። ሊሸሽ የተነሣውን የጣሊያን ጦር ሸፈርታክ ላይ፣ ከዓባይ መሻገሪያው፣ እንዲዘጋ የተላከው በላይ ዘለቀ ነበር። (ጎጃም በላይን አንቱ አይለውም፤ እኔም አልለውም።) አብሮት እንግሊዛዊው መኮንን ዊልፍሬድ ቴሲገር ነበር፤ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነው። የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ሳይነካ ተሻገረ። ራስ ኃይሉ ለበላይ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተው አዘገዩት ይባላል። ይህን ከአያቴ ወንድሞች በታናሹ ፊት ያነሣ ሰው ጠላውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

ንጉሡ ለባንዳ ያደረጉት ምሕረት የታወቀ ነው፤ ባንዳው ሹመቱን ይዞ ቀጠለ፣ ንጉሡ ጸሐፊም አስተዳዳሪም ያስፈልጋቸው ነበር። በላይ ደጃዝማች ተባለ፣ ብቸናን ያዘ፣ ከላይ ከተሾሙት ጋር ተጣላ፣ ሸፈተ፣ ተያዘ። ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተለወጠለት። ከእስር ቤት አብሮት ያመለጠው ማን ሆነ? የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ። ሁለቱም ተያዙ፤ ጥር 1937 አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አብረው ተሰቀሉ። ራስ ኃይሉ የልጃቸውን ስቅላት ሰምተው ዓመታት ኖሩ፤ ሲሞቱም አልጋቸው ላይ ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በበላይ ስም ይጠራል።

ሁለቱን የአያቴን ወንድሞች በልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። በአንድ የማርያም ማኅበር ነበሩ፤ በወሩ በ21 አያቴ ቤት ይሰበሰባሉ። ጽዋው በዙር ሲደርስ ታናሹ ይጠጣና ለታላቁ ከእጅ ወደ እጅ አያቀብለውም፤ መሶቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ታላቁ ጥቂት ይቆይና ራሱ ያነሣዋል። ማንም ምንም አይልም። አያቴ ብቻ ከጓዳ በር ቆመው ያያሉ። አንድ ወር፣ ታላቁ በታመመበት ዓመት ይመስለኛል፣ ታናሹ ጽዋውን እንደያዘ ቆየ፤ እጁ ትንሽ ተዘረጋ። ከዚያ እንደ ወትሮው መሶቡ ላይ አስቀመጠው፤ በሁለት ጣቱ ግን ወደ ወንድሙ ገፋ አደረገለት።